ጂሜይልን ከፊድ ሪደር ጋር ማገናኘት፦ ደህንነቱ እንዴት ነው?

ሜሮን_ትርጉም

ሰላም ለሁላችሁ። የትርጉም ሥራ ነው የምሠራው፤ አብዛኛው የጤና ጽሑፍ ነው። ለሥራዬ ስል የተመዘገብኩባቸው ኒውስሌተሮች በዝተው ኢንቦክሴን አጥለቅልቀውታል። ከደንበኛ የሚመጣው ኢሜይል መሃላቸው ይጠፋል። በቅርቡ አንድ ደንበኛ "ይህን አርሚልኝ" ብሎ የላከው መልእክት በሁለት ማስታወቂያ መሃል ተሰንቅሮ ነው ያገኘሁት፤ ቀኑ ካለፈ በኋላ።

ዜናና ብሎግ የማነበው በፊድ ሪደር ነው፤ የምከታተላቸው ገጾች የሚያወጡትን አዲስ ጽሑፍ (ፊድ የሚባለውን) እየሰበሰበ አንድ ቦታ የሚያሳይ አፕ ነው። በጣም እወደዋለሁ። ጽሑፉን አውርዶ ያስቀምጥልኛል፣ ዳታ ሳይኖረኝም ታክሲ ውስጥ አነባለሁ። ታዲያ ኒውስሌተሮቹንም እዚያው ባነባቸውስ ብዬ መንገድ ስፈልግ ሦስት ነገር አገኘሁ።

ጂሜይል ራሱ ያልተነበቡ ኢሜይሎችን በአተም ፊድ (ሪደር በሚያነበው አንድ ዓይነት ፊድ) የሚያወጣበት አድራሻ አለው። ሪደሩ ውስጥ ሳስገባው ስምና ፓስወርድ ጠየቀኝ፤ እዚያው አቆምኩ። ሌላ ሪደር ደግሞ "ጂሜይልዎን ያገናኙ" ይላል። ስነካው የጉግል ገጽ ይመጣና ኢሜይሌን ሁሉ ለማንበብ፣ ለመጻፍ፣ ለመላክና ለዘለቄታው ለማጥፋት ፈቃድ ይጠይቃል። ሦስተኛው ሪደር አንድ ረጅም፣ ትርጉም የሌለው የኢሜይል አድራሻ ይሰጠኝና "ኒውስሌተሮችዎን ወደዚህ ያስልኩ" ይለኛል።

ኢንቦክሴ ውስጥ የደንበኞች ውል አለ። ገና ያልታተመ ጽሑፍ አለ። የፓስፖርቴ ስካን አለ፣ ከባንክ የሚመጣም አለ። ሦስቱ መንገዶች በደህንነት ይለያያሉ? የሪደሩ ባለቤት ኢሜይሌን ማየት ይችላል? አንድ ጓደኛዬ "ኤችቲቲፒኤስ እስካለው ድረስ ችግር የለውም" ይለኛል። እውነት ነው?


ናቲ_ገርጂ

ሰላም ሜሪ። ያን ያህል አትጨነቂ። እኔ ሁለተኛውን ነው የምጠቀመው። ፈቃዱን የሚሰጠው ጉግል ስለሆነ ፓስወርድሽ ለሪደሩ አይደርስም። ካልተመቸሽ ጉግል አካውንትሽ ውስጥ ገብተሽ ታነሺዋለሽ፣ አለቀ። እኔ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ እስካሁን ምንም አልደረሰብኝም። ደግሞ እነዚህ ኩባንያዎች የእኔንና የአንቺን ኢሜይል ቁጭ ብለው የሚያነቡበት ጊዜ የላቸውም።


የሰርቨር_ክፍል

ሜሮን፣ ከመወሰንሽ በፊት መጠየቅሽ በጣም ጥሩ ነው። ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ዓመታት የመሥሪያ ቤት ሜይል ሰርቨር ሳስተዳድር ቆይቻለሁ። አካውንቱ የተሰበረበት ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው "ኢሜይልህን ከምን ከምን ጋር አገናኝተኸዋል?" ብዬ ነው። ብዙ ጊዜ ዝርዝሩን ስንከፍተው አንዴ ተሞክሮ የተረሳ አፕ አይጠፋም። ኢሜይል እንደ ሌላው አካውንት አይደለም። የፌስቡክ ፓስወርድሽ ቢጠፋ የሚታደሰው በኢሜይል ነው። የሥራ ማመልከቻሽ፣ የቴሌግራም ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫሽ፣ ክላውድ ላይ ያለው ፋይልሽ፣ ሁሉም ሲቸግረው የሚመለሰው ወደ ኢንቦክስሽ ነው። ኢንቦክስሽ ውስጥ የገባ ሰው ሌላውንም ያገኘዋል። ስለዚህ ሪደሩ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ከማለትሽ በፊት የምትሰጪው ነገር ምን ምን እንደሚከፍት እይ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። የጂሜይል አተም ፊድ የሚያሳየው ያልተነበቡትን ብቻ ነው። የላኪው ስም፣ ርዕሱ፣ ከዚያ የመልእክቱ መጀመሪያ ጥቂት ቃላት። ሙሉውን አያመጣም። ሰው "ትንሽ ነገር ነው" ብሎ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። እስቲ የማረጋገጫ ኮድ የመጣልሽን የመጨረሻ ኢሜይል አስታውሺ። ቁጥሩ የት ነበር? ወይ ርዕሱ ላይ ነው፣ ወይ የመጀመሪያው መስመር ላይ። ፊዱ የሚያወጣው ደግሞ ልክ እሱን ነው።

ፓስወርድ የጠየቀሽ እንዲህ ያለው ፊድ በተለምዶ ቤዚክ ኦተንቲኬሽን በሚባለው መንገድ ስለሚሠራ ነው። ስምና ፓስወርድ ቤዝ64 በሚባል የአጻጻፍ ዘዴ ተጽፈው ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር ይላካሉ። ቤዝ64 ምንም አይደብቅም፤ ማንም በአንድ ሰከንድ መልሶ ይፈታዋል። መንገድ ላይ የሚሸፍነው ኤችቲቲፒኤስ ብቻ ነው።

ወደ ጓደኛሽ ልምጣ። ግማሹን ልክ ነው። ኤችቲቲፒኤስ ካፌ ውስጥ ዋይፋይ የሚጋራሽ ሰው እንዳያይ ያደርጋል። ኢንተርኔት አቅራቢሽም ይዘቱን አያይም። ሽፋኑ ግን የሪደሩ ሰርቨር ጋ ሲደርስ ያበቃል። እዚያ ይፈታል፣ ተፈትቶም ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል፤ አለዚያ ላንቺ ሊያሳይሽ አይችልም። "የሪደሩ ባለቤት ማየት ይችላል?" ላልሽው መልሱ አዎ ነው። ቢፈልግ ይችላል። ሰርቨሩን የሰበረውም ይችላል።

ሪደሩ የት እንደሚሠራ ማወቅ ወሳኝ የሚሆነው ለዚህ ነው። እንደ ተንደርበርድ ኮምፒውተርሽ ላይ የተጫነ ከሆነ ፓስወርዱን የሚይዘውም ፊዱን የሚያመጣውም የራስሽ ማሽን ነው። መሃል ላይ ሌላ ሰው የለም። በስልክም በላፕቶፕም ስትገቢ ያነበብሽውን የሚያስታውስልሽ የዌብ ሪደር ከሆነ ግን ሥራው ያለው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። አንቺ ተኝተሽም ሄዶ ያመጣል። አንቺ ሳትኖሪ ጉግል ጋ ለመግባት ደግሞ ፓስወርድሽን የሆነ ቦታ ማስቀመጥ አለበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ስለሆነ። አንቺ ራስሽ ሪደሩ ውስጥ የምትገቢበት ፓስወርድ በደንብ ከተሠራ ሀሽ ተደርጎ (ወደ ኋላ ሊፈታ በማይችል መልክ ተቀይሮ) ይቀመጣል። ባለቤቱም መልሶ አያውቀውም፤ ስትገቢ ማመሳከር ብቻ ነው። ለጂሜይል የሰጠሽው ፓስወርድ ግን ሀሽ ሊደረግ አይችልም። ሪደሩ ራሱ ለጉግል ማቅረብ ስላለበት በሚፈታ መልክ ነው የሚይዘው። ቢያመሳጥረውም መፍቻው እዚያው አካባቢ ነው ያለው። ሰርቨሩ የተሰበረ ቀን ሁለቱ ፓስወርዶች እኩል አይጎዱም።

"የአፕ ፓስወርድ ላውጣለትስ?" ትዪ ይሆናል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2022 መጨረሻ ጀምሮ ዋናውን ፓስወርድ ለሌላ አፕ መስጠትን ለአብዛኛው የግል አካውንት ዘግቷል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያበራ ሰው በምትኩ ባለ 16 ፊደል የአፕ ፓስወርድ ማውጣት ይችላል። ዋናው ፓስወርድሽ አለመውጣቱ ጥሩ ነው። ግን ያን 16 ፊደል ያገኘ ሰው በአይማፕ (አፖች ኢሜይልን ከሰርቨር በሚያነቡበት መንገድ) ገብቶ ሙሉ ኢንቦክስሽን ያወርዳል። ባለሁለት ደረጃው ማረጋገጫ አያስቆመውም፤ አልፎት እንዲገባ ነው የተፈጠረው። ርዕስ ለማንበብ የሰጠሽው ነገር ፓስፖርትሽ ድረስ ይሄዳል።

ናቲ ስለ ሁለተኛው መንገድ ያለው ትክክል ነገር አለ። ፓስወርድሽ አይወጣም፣ ፈቃዱም ይነሳል። "ቁጭ ብለው አያነቡም" የሚለውን ግን አልቀበለውም። አንሮል ሚ የሚባል በነፃ ኒውስሌተር የሚያጸዳ አገልግሎት አለ። ሰው ልክ አንቺን የመሰለ ችግር ይዞ ነው የሄደበት፤ ኢንቦክሱንም ከፈተለት። እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ታይምስ እንደዘገበው ባለቤቱ ስላይስ ኢንተለጀንስ ከተጠቃሚዎች ኢሜይል ውስጥ የሊፍት ታክሲ ደረሰኞችን እየለቀመ፣ ስም አውጥቶ፣ ለተፎካካሪው ለኡበር ሸጧል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽንም ኩባንያው ኢሜይላቸውን እንዴት እንደሚጠቀምበት ተጠቃሚዎችን አሳስቷል ብሎ ከሰሰው፤ ጉዳዩ በ2019 በስምምነት ተዘጋ። በ2018 ደግሞ ዎል ስትሪት ጆርናል፣ ከጂሜይል ጋር የሚገናኙ አፖችን የሚሠሩ አንዳንድ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸው የተጠቃሚዎችን ኢሜይል እንዳነበቡ ጻፈ። ሶፍትዌራቸውን ለማሻሻል ነበር ያሉት። እንግዲህ በማሽን የለቀሙም አሉ፣ ቁጭ ብለው ያነበቡም አሉ።

ኒውስሌተር ለማሳየት "መላክና ማጥፋት" የሚል ፈቃድ ለምን እንዳስፈለገ ሳያስገርምሽ አልቀረም። ሪደሩ ተንኮለኛ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ጉግል ለአይማፕ የሚሰጠው ፈቃድ አንድ ጥቅል ነው፤ ማንበብም መላክም ማጥፋትም አብሮ ይመጣል። በአይማፕ ለሚሠራ ሪደር ግማሹን ብቻ መስጠት አይቻልም። እኔ ለዚህ ሥራ አልሰጠውም ነበር። ጋዜጣ አምጪው ጋዜጣውን በር ላይ ጥሎ ይሄዳል እንጂ የቤት ቁልፍ አይያዝም።

ሦስተኛው የሚሻለው ለዚህ ነው። ሪደሩ የሚያየው ወደ ሰጠሽ አድራሻ የተላከውን ብቻ ነው። ኢንቦክስሽን አያውቀውም። ግን አንድ አደራ። ሰዎች በየኒውስሌተሩ አዲሱን አድራሻ ማስገባቱ ይሰለቻቸውና ጂሜይል ላይ ፊልተር ሠርተው "ከምዝገባ ለመውጣት" የሚል ቃል ያለበትን ኢሜይል ሁሉ ወደ ሪደሩ ያስተላልፋሉ። ያ ቃል እኮ የባንክ መግለጫ ግርጌም፣ የሆቴል ደረሰኝ ግርጌም፣ የሥራ ማመልከቻ ምላሽ ግርጌም አለ። ሳታውቂው ሁሉም ይሄዳል። ፊልተር የግድ ካስፈለገሽ በላኪው አድራሻ ለይተሽ፣ አንድ በአንድ አድርጊው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ኒውስሌተሩ የራሱ ፊድ እንዳለው እይ። ኒውስሌተርና ብሎግ በሚወጣባቸው በሰብስታክም ሆነ በወርድፕረስ ላይ ያለ ከሆነ ዋናው አድራሻ መጨረሻ ላይ እዝባር ጨምረሽ "ፊድ" የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ስትጽፊ አብዛኛውን ጊዜ ይመጣል። በጎስት የተሠራ ከሆነ "አርኤስኤስ" በይው። ለሁሉም የተለቀቁትን ጽሑፎች ታገኚያለሽ፤ ኢሜይል የሚባል ነገር መሃል አይገባም፣ ስምሽም ኢሜይልሽም አይታወቅም።


ሜሮን_ትርጉም

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ጊዜዎን ሰጥተው እንዲህ በዝርዝር ስለጻፉልኝ በጣም አመሰግናለሁ። ዝርዝሬን ሳየው ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የራሳቸው ፊድ አላቸው፤ አላውቅም ነበር።

ፊድ የሌላቸውን በሦስተኛው መንገድ ላደርጋቸው ነው። ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ያ ረጅም አድራሻ ማንም ሊገምተው አይችልም፤ ይህ ብቻውን ይበቃል? ሌላው፣ ኒውስሌተር ላኪዎች መቼ እንደከፈትኩ ያያሉ ሲባል እሰማለሁ። በሪደር ሳነበው ይህ ይቀራል?


ሰሚራ_ቴስተር

ጋሼ ሳይቀድሙኝ የመጀመሪያውን ልመልስ፤ የዕለት ሥራዬ ሶፍትዌር መፈተሽ ስለሆነ ይህን ነገር ነካክቼዋለሁ።

ሜሮን፣ ነገሩ የሚወሰነው አድራሻው በሚጠብቀው ነገር ነው። የሪደሩ የራሱ የኢሜይል አድራሻ ከሆነ ጽሑፉ የሚታየው በአካውንትሽ ስትገቢ ነው። አድራሻውን ያወቀ ሰው ቆሻሻ ሊልክብሽ ይችላል እንጂ አያነብም። እንደ ኪል ዘ ኒውስሌተር ያለ ለብቻው የቆመ አገልግሎት ከሆነ ግን ይለያል። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። አንድ ኢሜይል አድራሻና አንድ የአተም ፊድ ይሰጥሻል። ፊዱ ፓስወርድ የለውም። የፊዱን አድራሻ የያዘ ሁሉ ያነበዋል።

"ኒውስሌተር ምን ምስጢር አለው?" እንዳትዪ። ሰብስታክ ያለ ፓስወርድ፣ በኢሜይል በሚላክ ሊንክ ያስገባል። በዚያ አድራሻ ከፍለሽ ከተመዘገብሽ የመግቢያው ሊንክ ፊዱ ላይ ይወጣል። ፊዱን የሚያይ ሰው አንቺን ሆኖ ይገባል ማለት ነው። ሌላም ቦታ ቢሆን "ፓስወርድ ረሳሁ" ሲባል የሚላከው ሊንክ እዚያው ፊድ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ እንዲህ ባለው አድራሻ ገንዘብ፣ ስም ወይም አካውንት ያለበት ነገር ላይ አትመዝገቢ። ለነፃ ኒውስሌተር ብቻ። ምዝገባ ማቋረጫው ሊንክም ያለው እዚያው ነው፤ ፊዱን ያገኘ ሰው ከነበርሽበት ሊያስወጣሽ ይችላል።

የኢሜይል አድራሻውና የፊዱ አድራሻ አንድ ዓይነት ፊደላት ካላቸውም ተጠንቀቂ። ኢሜይሉን ለኒውስሌተሩ ሰጥተሻል። ከእሱ ተነስቶ ፊዱን ማወቅ ከተቻለ ምስጢር አልቀረም።

የዌብ ሪደሮች ላይ ደግሞ ይህ አለ። ፊድ የሚለየው በአድራሻው ነው። አንድን የዜና ፊድ ብዙ ሰው ቢከታተለው ሰርቨሩ አንዴ አምጥቶ ለሁሉም ያካፍላል። ለዜና እሰየው። ያንቺ ምስጢራዊ ፊድም ግን እዚያው ክምችት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሪደሩ ፊድ መፈለጊያ ካለው በሌላ ሰው ፍለጋ ብቅ ሊል ይችላል። የሚለዩ ሪደሮች አሉ፣ የማይለዩም አሉ።

እኔ የምፈትሸው እንዲህ ነው። አዲስ ፊድ እከፍትና ሪደሩ ውስጥ አስገባዋለሁ። ወደሱ ከራሴ ኢሜይል እልካለሁ። ርዕሱ ላይ የትም የማይገኝ ቃል እጽፋለሁ፣ ለምሳሌ "ዘንጋዳ" ላይ ቁጥር ቀጥዬበት። ከዚያ በሌላ ብሮውዘር፣ በሌላ አካውንት እገባና ያን ቃል እፈልጋለሁ። ከወጣ ያን ሪደር ለግል ነገር አልጠቀምበትም። ቃሉ ከሌላ አካውንት ካልታየም ጉግል ላይ ቆየት ብዬ እፈልገዋለሁ።


የሰርቨር_ክፍል

ሰሚራ፣ ይህን የዘንጋዳ ሙከራ እኔም እወስደዋለሁ። በጣም ጥሩ ነው።

ሜሮን፣ ሁለተኛውን ጥያቄሽን ልመልስ። የሚከታተሉሽ በፒክስል ነው። ኢሜይሉ ውስጥ አንድ በአንድ ፒክስል የሆነች፣ በዓይን የማትታይ ምስል ይከቱበታል። የምስሏ አድራሻ ላንቺ ብቻ የተሰጠ ቁጥር አለው። ኢሜይሉ ሲከፈት ምስሏ ከላኪው ሰርቨር ትጠራለች፤ ላኪው ሰዓቱንም፣ አይፒ አድራሻሽንም (ኢንተርኔት ላይ መስመርሽን የሚለየውን ቁጥር)፣ ምን ዓይነት ስልክ እንደያዝሽም ይመዘግባል።

ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2013 ጀምሮ ምስሎችን በራሱ ሰርቨር በኩል ስለሚያመጣ አይፒ አድራሻሽን ላኪው አያገኘውም፤ መክፈትሽን ግን ያውቃል። አፕል በ2021 ከአይኦኤስ 15 ጋር ባመጣው የሜይል ጥበቃ ምስሎቹን አንቺ ከፈትሽም አልከፈትሽም ቀድሞ ስለሚያወርድ ሰዓቱም አይታመንም። ኒውስሌተሩን ወደ ሪደር ስታዞሪው እነዚህ ጥበቃዎች አብረው አይሄዱም። ፒክስሏ ግን አብራ ትሄዳለች። ሪደርሽ ምስሎችን በቀጥታ ከስልክሽ የሚጠራ ከሆነ ከጂሜይል ይልቅ የበለጠ ተጋልጠሻል ማለት ነው። ሰው ይህን አይጠብቅም፤ ፊድ ሪደር ሁልጊዜ የተደበቀ ይመስለዋል።

መፍትሔ አለው። ሚኒፍላክስ የሚባለው በራስሽ ሰርቨር የሚጫን ሪደር የታወቁ መከታተያ ፒክስሎችን ያወጣል፣ ምስሎችንም በራሱ በኩል ማምጣት ይችላል። ፊድቢንም ምስሎችን በራሱ ሰርቨር በኩል ያሳልፋል። ያንቺው ምን እንደሚያደርግ ሴቲንግ ውስጥ እይው። ካልሆነ ምስል አጥፊ፤ ዳታም ይቆጥብልሻል። ሊንኮቹም ቁጥር እንዳላቸው አትርሺ። ኒውስሌተር ውስጥ ያለ ሊንክ ላይ ጣትሽን ጫን አድርገሽ አድራሻውን ብታዪው፣ ከጽሑፉ አድራሻ በፊት የላኪው አገልግሎት አድራሻና ረጅም የፊደል ድርድር ታገኛለሽ። እሱ አንቺ ነሽ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ከፒክስሉ ይልቅ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። ጂሜይል ውስጥ የተጭበረበረ ኢሜይል ሲመጣ ወይ ስፓም ውስጥ ይገባል ወይ ከላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፍበታል። ላኪው የእውነት ያ ድርጅት መሆኑንም ጂሜይል ከበስተጀርባ ያጣራል። ወደ ፊድ ሲቀየር ይህ ሁሉ ይጠፋል። የሚታይሽ ስምና ርዕስ ብቻ ነው። "ኢሜይልሽ ሊዘጋ ነው፣ እዚህ ግቢ" የሚል መልእክት ከምታምኚው ብሎግ ጎን፣ በዚያው መልክ፣ በዚያው ፊደል ተሰልፎ ይጠብቅሻል። ሪደር ውስጥ ካገኘሽው ሊንክ ተነስተሽ በፍጹም ፓስወርድ አታስገቢ። ጉዳዩ እውነት ከመሰለሽ ብሮውዘር ከፍተሽ አድራሻውን ራስሽ ጻፊው።

ኮድም አለ። ፊድ ውስጥ የሚመጣው ጽሑፍ ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚሠራበት ኮድ) ነው፤ ጎጂ ስክሪፕት ሊደበቅበት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ብላክ ሃት በተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ጉባኤ ላይ ብዙ ሪደሮች ይህን በደንብ እንደማያጣሩ ቀርቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል። ግን ዓመታት ያልታደሰ ሪደር ስልክሽ ላይ ካለ ኢሜይል አታስገቢበት።

የመጨረሻው ኦፒኤምኤል ነው። ከሪደር ወደ ሪደር ስትዘዋወሪ ዝርዝርሽን ኤክስፖርት የምታደርጊበት ፋይል ማለት ነው። በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ "የማነባቸውን ብሎጎች እንካችሁ" ብሎ ይህን ፋይል የለቀቀ ሰው አይቻለሁ። ደግነት ነው። ፋይሉን በኖትፓድ ስከፍተው ግን የሚከፈልባቸው የፖድካስትና የኒውስሌተር ፊዶቹ አድራሻ ከነምስጢራዊ ቁጥራቸው ተሰልፈዋል። አንዱማ ስምና ፓስወርዱ ከአድራሻው ፊት፣ በሁለት ነጥብና በ"አት" ምልክት ተለይተው፣ በግልጽ ተጽፈዋል። በግል ጽፌለት ወዲያው አነሳው፣ ፓስወርዱንም ቀየረ። የራስሽን ኤክስፖርት አድርገሽ በኖትፓድ ክፈቺው። እያንዳንዱ ፊድ አንድ መስመር ነው። ረጅም ቁጥር ወይም "አት" ምልክት ያለበትን መስመር ካየሽ፣ ፋይሉን ለማንም ከመስጠትሽ በፊት ያን መስመር አጥፊው።


ናቲ_ገርጂ

ጋሼ፣ ያን የአንሮል ሚ ታሪክ ካነበብኩ በኋላ የራሴን ዝርዝር አየሁት። ሪደሩን አነሳሁት፣ ስሙን እንኳ የማላስታውሰው አንድ የካላንደር አፕም አብሮ ነበር። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ፈቃዱን ሳነሳ ቀድሞ የወሰደውም ይጠፋል?


የሰርቨር_ክፍል

አይጠፋም ናቲ። ፈቃዱን ማንሳት ከአሁን በኋላ እንዳይገባ ነው። ቀድሞ ያወረደው እሱ ሰርቨር ላይ ነው ያለው። ሪደሩ ውስጥ ገብተህ አካውንትህን ራሱን አጥፋው፤ ሎግ አውት ማድረግ አይበቃም። ብዙዎቹ ሴቲንግ ውስጥ "አካውንት ሰርዝ" የሚል አላቸው። ከሌለው ዳታዬን አጥፉልኝ ብለህ ጻፍላቸው፣ መልሱንም አስቀምጠው። ለዚያ አፕ የአፕ ፓስወርድ አውጥተህ ከነበረ ደግሞ እሱ የተለየ ዝርዝር ላይ ነው ያለው፤ ከተገናኙት አፖች ጋር አይታይም። የጉግል ዋና ፓስወርድህን ከቀየርክ ጉግል የአፕ ፓስወርዶችን ሁሉ ይሰርዛቸዋል። የካላንደር አፑንም እንደዚሁ አድርገው።


ሜሮን_ትርጉም

ኦፒኤምኤሌን ከፈትኩት፤ "አት" ያለበት መስመር የለም። ሰሚራ ያለችውን ሙከራ ማታ እሞክረውና ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።